ከትሎቼ ጋር የታሰርኩባቸው ሦስት ቀናት

የተያዝኩት ነገሌ ቦረና መናኸሪያ ውስጥ፣ ሚኒባስ ልሳፈር ስል ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ቁጥር የተጻፈባቸው የአፈር ከረጢቶችና አንድ ጠፍጣፋ ጠርሙስ ተገኘ። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ወተት ጠብ ያለበት የሚመስል ውሃ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ስደርስ መርማሪው ወደ ብርሃን አንስቶ አየው።

«ኤላ ውስጥ ልትጨምረው ነው» አለ።

ኤላ ማለት የቦረና ሰውና ከብት የሚጠጣበት ጉድጓድ ነው። በዚያ አገር ከዚህ የከፋ ክስ አላውቅም።

ቢሮው ውስጥ ሊያስቀምጠው ስለፈራ «መርዝህን ራስህ ታቀፈው» ብሎ ጠርሙሱን ከእኔ ጋር ቆለፈበት። እኔ እፎይ አልኩ። ውሃው ውስጥ ኔማቶድ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ፣ ነፍሳትን የሚገድሉ ትሎች ነበሩ። ለምርምር ሥራዬ ከወደራ ወረዳ አፈር ነው ያገኘኋቸው። የጅራታቸው ቅርጽ እስከዚያ ከተመዘገቡት ከአንዱም ጋር አልገጥም ብሎኝ፣ አዲስ ዝርያ ነው ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሌላ ዘር አልነበረኝም፤ ሙቀት ከገደላቸው አለቀ።

ክፍሉ የቆርቆሮ መጋዘን ነው፤ በቀትር ይጋገራል። ውስጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። የነገሌ ባለሱቅ ናቸው፤ ልጅዎ ጫካ ገብቷል ተብለው ነው የታሰሩት። «አካም?» ብለው በደግ ፊት ተቀበሉኝ። ክሴን ከጠባቂው ሲሰሙ ግን ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ የውሃ ጀሪካናቸውንም አራቁብኝ።

በማግስቱ መርማሪው ቃል ጽፎ አመጣ። «መርዝ መሆኑን አምናለሁ» ይላል።

«ፈርምና ነገሩ ይለቅ።»

«ትል ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ከትልህ ጋር ክረም።»

በቀን አንድ ጣሳ ውሃ ይሰጠኝ ነበር። በግማሹ ሸሚዜን እየነከርኩ ጠርሙሱን እጠቀልልበታለሁ። እንዳይታፈኑም ክዳኑን እየከፈትኩ አናፍሳቸዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ሽማግሌው ከጥጋቸው ሆነው ያዩኝ ነበር።

«ምንድን ነው ሥራው ይሄ?» አሉ በመጨረሻ።

«አባጨጓሬ ሆድ ገብቶ ይገድላል፣ አባባ። ማሳ ላይ መርዝ ከመርጨት ይገላግላል።»

«ለከብትስ?»

«አይነካም።»

«ለሰው?»

«አይነካም።»

«ጠጣዋ!»

የሳሳሁት ለራሴ አልነበረም፤ ለዘሬ ነው። አንድ ጉንጭ ጠጣሁ። አፈር አፈር ይላል። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ይዘው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና እስከ አስር ሰዓት ሆዴን ሲያዩ ዋሉ። ምንም እንዳልሆንኩ ሲያዩ ጀሪካኑን ጎትተው አመጡልኝ።

«እንካ። ከዚህም ለትሎችህ ስጣቸው።»

እዚያ ቤት ያለቀስኩት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ጠባቂውን ጠርተው፣ ጠጥቶት ምንም አልሆነም ብለው በኦሮምኛ ብዙ ነገሩት። በማግስቱ የእንስሳት ሐኪም ማይክሮስኮፕ ይዞ መጣ። ከጠርሙሱ አንድ ጠብታ ወስዶ ካየ በኋላ መርማሪው እንዲያይ ቦታ ለቀቀለት።

«ምንድን ነው የሚተራመሰው?» አለ መርማሪው፤ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳያነሳ።

በሕይወት አሉ! ጠርሙሱን አንስቼ እንደገና በእርጥቡ ሸሚዜ ጠቀለልኩት።

የመፈቻዬ ወረቀት «ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ» ይል ነበር። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ሰረዝኩት፤ በላዩ «ትል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። መርማሪው አየውና ማኅተሙን መታበት።

ዝርያው በእርግጥም አዲስ ነበር። ያገኘ ሰው ዝርያን በራሱ ስም መጥራት በሙያችን ነውር ስለሆነ የሽማግሌውን ስም ልሰጠው ፈለግኩ። እሳቸውም ከእኔ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ተፈትተው ነበርና ፈቃድ ልጠይቅ ሱቃቸው ሄድኩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የትሉ መግለጫ ላይ ግን ታትሟል። ዛሬም ባየሁት ቁጥር ደረቴን ቀለል ይለኛል።

«ትል ልታደርገኝ?» ብለው ሳቁ ያን ቀን። ከዚያ ትንሽ አሰቡ።

«ሰውን አይነካም ብለሃል?»

«አይነካም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ጻፈው።»