መርዶ ወደ ማትሱሺማ

ፀገነት ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋ ስታቆም ብዙነህ ወንበሩን ይዞ ወደ ፍሪጁ ጎን ተሸጋገረ። እዚያ ካሜራው አያገኘውም። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራና ፌቨን ብቅ አለች። ፀጉሯን ነፋስ በትኖታል፣ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳለች፣ ከኋላዋ ግራጫ ባሕር ይታያል።

«እትዬ ፀጊ! የት እንዳለሁ ብነግርሽ አታምኚኝም!»

ፀገነት ቀና ብላ ብዙነህን አየችው። ልጅቷ በዚህ ሰዓት ጃፓን፣ በምትማርበት በሴንዳይ ከተማ፣ ማደሪያ ክፍሏ ውስጥ መሆን ነበረባት። ዕቅዱ እንደዚያ ነበር።

«የት ነሽ?»

«ጀልባ ላይ! አሁን መነሳታችን ነው። ማትሱሺማ ይባላል፣ ከሴንዳይ በባቡር አርባ ደቂቃ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ደሴት አለው። ቆይ ላሳይሽ።»

ስልኩ ዞረ። ውኃው መሐል ነጫጭ ድንጋዮች ቆመዋል፤ አንዳንዱ ከቤት አይበልጥም። ሁሉም አናቱ ላይ ጥድ አብቅሏል። በድምፅ ማጉያ አንዲት ሴት በጃፓንኛ የደሴቶቹን ስም ትዘረዝራለች።

ቀኑ እሑድ፣ ሰኔ 27 ቀን 2013 ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጃፓን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። የፌቨን አባት ስዩም በኮቪድ ከሞተ አሥራ አምስት ሰዓት ሆኖታል።

ብዙነህ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ትሮይቪል ሰፈር ይኖራል፣ መሐል ከተማ ውስጥ ብርድ ልብስና መጋረጃ ይሸጣል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለስድሳ ያህል ቤተሰብ መርዶ ነግሯል። አብዛኞቹ ሟቾች ስፓዛ በሚባለው የሰፈር ሱቅ ውስጥ የተተኮሰባቸው ወጣቶች ናቸው፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ኮቪድ ተጨመረ። ማንም አልሾመውም። የመጀመሪያውን የነገረው ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነበር። በደንብ ነገረ ተባለና ሥራው የእሱ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በጠዋት ሰው ቤት መሄድ አይችልም። ሲያንኳኳ «ማን ነው?» አይሉትም፤ «ማን ነው የሞተው?» ይሉታል። አንድ ጊዜ የተዋሰውን መሰላል ሊመልስ ሄዶ የቤቱ እመቤት ደረቷን እየደቃች ወጥታበታለች።

የራሱ ደንብ አለው። ከሦስት ሰው በታች ሆኖ አይሄድም፤ አንዷ ሴት መሆን አለባት። መርዶ የሚነገረው ሰው እጅ ላይ ቢላ ወይም የፈላ ውኃ እንዳይኖር ያያል። ጎሕ ሲቀድ ይደርሳል፤ ሰው መርዶ ከመስማቱ በፊት ሌሊቱን ተኝቶ ማደር አለበት። ብቻውን ላለ ሰው አይነግርም። በስልክ አይነግርም።

ሆስፒታሉ ይህን ደንብ አያውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ለስዩም ሚስት ለስንዱ በስልክ ነገሯት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እሷም በሽታው ይዟት መኝታ ቤቷ ውስጥ ተዘግቶባት ነበር። ብዙነህና ጎረቤቷ ፀገነት ያናገሯት በበሩ በኩል ነው። ስንዱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ልጄ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ፣ ጋሽ ብዙነህ። በእመብርሃን።»

«እሺ» አለ ብዙነህ።

በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፌቨን ለፀገነት መልእክት ላከች፦ «ባባ እንዴት ዋለ?» ስዩም ከሞተ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖታል። ፀገነት ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ ለበሽተኛ ቤተሰብ እውነቱን መናገር ለምዳለች።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጽፍም» አለች።

«ጻፊ። ኦክስጅኑን ቀንሰውለታል፣ ሾርባም ጠጣ በያት።»

«ጋሽ ብዙነህ፣ ሰውየው እኮ ሬሳ ክፍል ነው ያለው!»

«ማቆያ ነው እንጂ ውሸት አይደለም። አሁን ብትሰማ ማን ይይዛታል?»

ፀገነት ጻፈች።

ከዚያ ጃፓን ውስጥ ሰው ፍለጋ ሆነ። ሴንዳይ ውስጥ የሚያውቁት ሐበሻ አላገኙም። ከብዙ ስልክ በኋላ ቶኪዮ የሚሠራ ዮፍታሄ የሚባል ልጅ ተገኘ። ፌቨንን አያውቃትም፤ ግን እሺ አለ። በፈጣኑ ባቡር ሴንዳይ ይመጣል፣ በሯ ላይ ይቆማል፣ የዚያን ጊዜ እነ ብዙነህ ይደውላሉ፣ በሩን ትከፍትና ያኔ ይነገራታል። ብዙነህ ለሐበሻው የዋትስአፕ ግሩፖች ሁሉ «ስለ ስዩም ማንም ምንም እንዳይለጥፍ» ብሎ ላከ።

አሁን የብዙነህ ስልክ ጭኑ ላይ ተንቀጠቀጠ። ዮፍታሄ ነው። «ደርሻለሁ። አንኳኳሁ። ሰው የለም።»

ብዙነህ በአንድ ጣቱ ጻፈ፦ «ማትሱሺማ ሄዳለች። ጀልባ ላይ ናት። ባቡር ያዝ።»

«አንድ ሰዓት ይፈጃል እኮ።»

«ሂድ።»

ከካሌንደር ላይ አንድ ወረቀት ቀደደና በትልልቁ ጽፎ ለፀገነት ከፍ አደረገላት፦ «ስልኩን እንዳትዘጋ አድርጊ። አንድ ሰዓት።» ፌቨን ከእነሱ ጋር እስካወራች ድረስ ፌስቡክ አትከፍትም። ከዚህ ውጭ ማድረግ የሚችሉት ነገር አልነበረም።

«ዛሬ ምን ትዝ ብሎሽ ወጣሽ?» አለች ፀገነት።

«አንቺ ነሽ እኮ! ሾርባ ጠጣ ስትዪኝ፣ ካመመው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛሁ። ጠዋት ለጓደኛዬ ለሚሆ ነገርኳት። አሥራ አንድ ቀን ከክፍልሽ አልወጣሽም፣ በቃ ዛሬ ባሕር እናያለን ብላ ጎትታ አመጣችኝ። ሚሆ፣ ሰላም በያት።»

ባለ መነጽር ልጅ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ሰላም ነው?» አለች፤ ያጠናችው ይመስላል።

«ጎበዝ» አለች ፀገነት። ድምፅዋ ተሰነጠቀና ሳል አስመሰለችው።

ብዙነህ ሌላ ወረቀት አነሳ፦ «ስለ ዛፎቹ ጠይቂያት።»

«ዛፎቹ… አፈር ሳይኖር በምን በቀሉ?»

«እኔም ጠይቄ ነበር። ሚሆ ተርጉማልኝ አልገባኝም። ደግሞ እዚህ ከነቅርፊቱ የሚጠበስ የባሕር ነገር አለ፤ ሦስት በላች። እኔ እያየኋት ቀረሁ። የሐዋርያት ጾም ነው አይደል? ዓሣ ይበላል አይበላም እያላችሁ ደግሞ ስብሰባ እንዳትጠሩብኝ!»

ፀገነት ሳቀች። ፌቨንም ሳቀች። ከስንዱ መኝታ ቤት በር ጀርባ አንድ ነገር መሬት ላይ ወደቀ። ስንዱ የልጇን ድምፅ ትሰማለች።

«እማዬ ተነሳች እንዴ?»

«ተኝታለች። ትተኛ።»

«ባባስ ስልኩ ክፍት ነው? ይሄን ባሳየው ደስ ይለዋል። ከዝዋይ ሌላ ውኃ አይቶ አያውቅም፣ ደርባን እወስድሃለሁ ስለው ሱቁን ማን ይጠብቃል ይለኛል። ልደውልለት?»

ብዙነህ ሁለት እጁን አወናጨፈ።

«ሐኪሞቹ ጉብኝት ላይ ናቸው» አለች ፀገነት።

«በአሥራ ሁለት ሰዓት?»

«በጠዋት ነው የሚጀምሩት።»

ፌቨን ስልኩን እንደገና ወደ ባሕሩ አዞረች። አንዱ ደሴት መሐሉ ተቦርቡሮ አራት ቀዳዳ አውጥቷል፤ ጀልባዋ አጠገቡ ስትደርስ ዝግ አለች። ሰዎች ፎቶ ያነሳሉ። ብዙነህ ካለበት የሚታየው የስልኩ ጠርዝ ብቻ ነበር። ደሴቶቹን አላያቸውም።

ፀገነት እስክሪብቶ ወስዳ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፈችለት፦ «ጓደኛዋ አብራት አለች። ብቻዋን አይደለችም። እንንገራት?»

ብዙነህ አነበበና ራሱን ነቀነቀ። ከሥሩ ጻፈ፦ «አማርኛ አታውቅም። ሐበሻ ይድረስ።»

የዮፍታሄ መልእክት መጣ። «ባቡር ውስጥ ነኝ። ስድስት ጣቢያ ይቀራል።»

ፀገነት ስለ ምግብ ጠየቀች። ስለ ብርዱ ጠየቀች፤ ፌቨን «ጁላይ ነው እትዬ ፀጊ፣ እዚህ በጋ ነው» አለቻት። ስለ ሚሆ እናት ጠየቀች። ስለ ጥዶቹ ሁለተኛ ጠየቀች።

«ዛሬ ምን ሆነሻል?» አለች ፌቨን። «በአራት ዓመት ያላወራሽኝን እኮ ነው ያወራሽኝ።»

«ናፍቀሽኝ ነው።»

«ሼም፣ እኔም» አለች፤ ጀርሚስተን ውስጥ «ሼም» ማለት «ውይ» ነው።

አራት ጣቢያ። ሦስት። የድምፅ ማጉያዋ ሴት ቃናዋን ቀየረች፤ ጀልባዋ መመለስ ጀምራለች።

የፌቨን ዓይን ከፀገነት ላይ ተነስቶ ወደ ስክሪኑ አናት ሄደ። እዚያ ቆየ። አንድ ነገር አነበበ፣ እንደገና አነበበ።

«እትዬ ፀጊ።»

«ወዬ።»

«ሃሩን ለምንድን ነው ‹ፈጣሪ ያጽናሽ› የሚለኝ?»

ሃሩን አብሯት የተማረ፣ ቴምቢሳ ሰፈር ስፓዛ ያለው ልጅ ነው። የብዙነህ መልእክት በሄደባቸው ግሩፖች ውስጥ አልነበረም።

ፀገነት ወደ ፍሪጁ ዞረች።

«ማንን ነው የምታዪው? ማን አለ እዚያ?»

ብዙነህ ተነሳ። ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሁለት እርምጃ ተራመደና ከፀገነት ጎን ጎንበስ አለ፤ ሁለቱም ፊት በትንሿ ስክሪን ውስጥ ገባ። ለስድሳ ቤት የተናገረው ቃል ነበረው፤ «ጽኚ» ነበር የሚጀምረው። አፉን ከፈተ።

«አይ» አለች ፌቨን። «አይ፣ ጋሽ ብዙነህ። አይ። እርስዎ አይደሉም። ይውጡልኝ።»

ስልኩ ወደቀ። የጀልባዋ ጣሪያ ታየ፣ ብርቱካናማ የሕይወት ማዳኛ ቀለበት፣ የሰው ጫማ። ጩኸቷ ይሰማል። ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ስንዱም ጮኸች። በድምፅ ማጉያ ሴትየዋ ተሳፋሪዎቹን እያመሰገነች ይመስላል፣ አላቋረጠችም። ብዙነህ የስኳር ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ «ያዟት፣ ያዟት» ይል ነበር፤ በአማርኛ፣ ለማን እንደሆነ ሳያውቅ።

ስልኩን ያነሳችው ሚሆ ናት። በአንድ እጇ ፌቨንን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። በእንግሊዝኛ ምን ሆነች ብላ ጠየቀች።

ፀገነት በእንግሊዝኛ፣ በሥራ ድምፅዋ፣ አባቷ ትናንት ከሰዓት መሞቱን ነገረቻት።

ሚሆ «ትናንት?» አለች።

መስመሩ ተቋረጠ።

ዮፍታሄ የደረሰው ጀልባዋ ከቆመች ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ነው። ስዩም ማክሰኞ ዕለት ሃምሳ ሰው በተገኘበት ተቀበረ። ፌቨን የአባቷን መቃብር ያየችው የጃፓን ድንበር ከተከፈተ በኋላ፣ በኅዳር 2015 ነው። ብዙነህ ሊጠይቃት መጣ፤ ከመኝታ ቤት አልወጣችለትም።