በሕማማት ለሆዳሙ

በባሕር ማዶ፣ ሰንሻይን በሚባል ሰፈር፣ እኅቴ ቤት በምኖርበት ጊዜ፣ በቤቱ ውስጥ ከሁላችንም በላይ ወሬው የሚነሣ አንድ የካርቱን ልጅ ነበር። ጃፓን አገር ነው የተሣለው። እውነተኛ ስሙ አፋቸው ላይ አልዞር ስላላቸው እማማ ሆዳሙ ይሉታል። እማማ የእኅቴ ባል እናት ናቸው።

ታሪኩ እናቱን ባሕር የወሰደበት ልጅ በአሮጌ ጀልባ እየዞረ ሲፈልጋት ነው። ሆዳሙ የጀልባው ቀዛፊ ነው። ወፍራም ነው፤ ሁልጊዜ ይርበዋል፤ ያገኘውን ግን ሳያካፍል አይጎርስም። እማማ የወደዱት ለዚያ ነው። “ጾም አያውቅም እንጂ ልቡስ የክርስቲያን ነው” ይላሉ።

ታሪኩ መጀመሪያ የሥዕል መጽሐፍ ነበር፤ ካርቱኑ ከዚያ የተሠራ ነው። ዐሥር ዓመት የሆናት የእኅቴ ልጅ በየቅዳሜው ካርቱኑን ከኮምፒውተሯ ወደ ቴሌቪዥኑ ታመጣልናለች። መጽሐፉን ግን አትነካም፤ የሚመጣውን አስቀድማ ማወቅ አትወድም። የማነበው እኔ ነኝ። ከአምስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ጽሑፍ የበዛበት መጽሐፍ ያስፈራኛል። ይኼኛው ግን የሰው ፊት ይበዛበታል። ቃሉን ባላውቀው እንኳ ማን እንዳዘነ፣ ማን እንደዋሸ ከዓይኑ ይገባኛል። ከላይብረሪ ስወስደውም ማሽኑ ላይ ራሴ ስካን ስለማደርግ ሰው ማናገር አይጠበቅብኝም።

የሆሳዕና ዋዜማ ካርቱኑ ሆዳሙን የምትቃጠል መርከብ ላይ ትቶት አለቀ። ጓደኞቹ በጀልባዋ እንዲያመልጡ ገመዱን የቆረጠው ራሱ ነው።

“ከዚያስ?” አሉ እማማ።

“ኔክስት ዊክ” አለች ልጅቷ።

“የምን ኔክስት ዊክ! ሰው እሳት ላይ ትቶ ይኬዳል?”

በማግስቱ ማታ ግን ራሳቸው እንደየዓመቱ ቴሌቪዥኑን ነጠላ አለበሱት። ሕማማት ገባ ማለት ነው። እስከ ፋሲካ ማንም አይከፍተውም።

ጭንቁ የእኔ ነበር። የሚቀጥለውን ክፍል ከመጽሐፉ አንብቤዋለሁ። መርከቧ ትሰጥማለች፤ ሆዳሙ ይሞታል። አንድ ሙሉ ገጽ ላይ ባሕሩ ብቻ ተሥሏል፤ አንድም ቃል የለበትም።

ሰኞ ጠዋት እማማ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ሲሰግዱ ውሃ ይዤላቸው ገባሁ። ቀና አሉና “አንቺ መጽሐፉን አንብበሻል አይደል?” አሉኝ።

መሬት መሬቱን አየሁ።

“ተይው፣ ተይው። በሕማማት ካርቱን አይወራም” ብለው ወደ ስግደታቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው “ይህቺ ደግሞ ለዚያ ሆዳም” ሲሉ ሰማኋቸው።

ቦርሳዋን አንግታ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ የነበረችው ልጅ “እማማ፣ ሂ ኢዝ ኖት ሪል!” ብላ ሳቀች።

“ሥዕል መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? የሚሥለው ሰውዬ ልብ የለውም? እሱን አራራልኝ ብዬ ነው።”

ሰውዬው ግን ሥሎ ጨርሷል፤ መጽሐፉም አልጋዬ ሥር ነው። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለሞተ ልጅ በከንቱ ሲወድቁና ሲነሡ ማየት ከበደኝ። መንገሩ ደግሞ በሕማማት ሌላ ሐዘን መጨመር ነው። ሐሙስ ዕለት ጉልባን ስንበላ እንደምንም አፌን ከፈትኩ።

“እማማ…”

“ወዬ፣ የኔ ልጅ?”

“ጉልባኑ… ጨው አንሶታል?”

“ደህና ነው” አሉና ብዙ አዩኝ።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ዶሮው ተበልቶ እኅቴና ባሏ እንደተኙ፣ ልጅቷ ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሣች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ድስት እንደገና መፈግፈግ ያዝኩ። የእማማን ፊት ማየት አልፈለግሁም። ውሃውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ሳለሁ ከሳሎን እልልታ ተሰማኝ።

እጄን ሳላደርቅ ሮጥኩ። ሆዳሙ ከባሕር ወጥቷል፤ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ዓሣ ይበላል። ካርቱኑን የሠሩት ሰዎች ታሪኩን ለውጠውታል።

“ሞቶ ነበር እኮ!” ብዬ ጮህኩ። በዚያ ቤት ድምፄ ያን ያህል ወጥቶ አያውቅም።

ልጅቷ “ስፖይለር! አስቀድመሽ አትንገሪ!” ብላ ትራስ ወረወረችብኝ።

“መሞቱንማ ሰኞ ዕለት ፊትሽ ነግሮኛል” አሉ እማማ። “ባይሞት ኖሮ ምን አሰገደኝ?” ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። “ነይ ተቀመጪ። መጽሐፉ ላይ እንዴት እንደሞተ አሁን ንገሪኝ። አሁን አልፈራም።”

ነገርኳቸው። ገመዱን፣ እሳቱን፣ በመጨረሻም ባሕሩ ብቻ ያለበትን ገጽ። ያን ያህል ረጅም ነገር ለሰው አውርቼ አላውቅም። ልጅቷ ጆሮዋን በመዳፏ ይዛለች፤ ጣቶቿ መሃል ግን ክፍተት ነበር።

ከዓመታት በኋላ ታሪኩን እውነተኛ ሰዎች የሚጫወቱበት ፊልም ወጣ። ሦስታችንም ሶፋው ላይ ተደርድረን ከፈትነው። ሆዳሙን ሆኖ የሚጫወተው ቀጭን፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ልጅ ነው። እማማ ትንሽ አዩትና ምርኩዛቸውን ፈለጉ።

“ይኼ እኔ የሰገድኩለት አይደለም” ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።