ወፍ የለም

«ወፍ የለም» ማለት እወድ ነበር። ቢሮ አዲስ ነገር አለ ወይ ስባል፣ ታክሲ ተገኘ ወይ ስባል፣ ውሃ መጣ ወይ ስባል መልሴ ያው ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ «ምንም የለም» ሲል የሚለው ነው። በዚህ ቃል ምክንያት አንድ ሽማግሌ ይቆጡኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሽማግሌው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር የምንተያይ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው፣ ሱቃቸውን ከዘጉ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ዱካ አውጥተው መቀመጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ከሥራ መልስ፣ ደረጃውን ወጥቼ ቁና ቁና እየተነፈስኩ ስደርስ «ዛሬስ ምን አየሽ?» አሉኝ።

«ወፍ የለም ጋሼ።»

«እንዴት የለም?» ብለው ከልባቸው ተቆጡ። «ሮቶው ላይ ያሉት ምንድን ናቸው ታዲያ?»

ዞር ስል ፊት ለፊት ካለው ብሎክ የውሃ ሮቶ ላይ ሁለት ቁራዎች ተቀምጠዋል። ሳቄ መጣ። የአራዳ አነጋገር ነው ብዬ ላስረዳቸው ስል እሳቸው ሌላ ጥያቄ ላይ ደርሰዋል።

«ቁራ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ጥቁር ነዋ።»

«ማጅራቱስ?»

አየሁ። ማጅራቱ ላይ ኖራ የነካው የሚመስል ትልቅ ነጭ አለ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ነው፤ ቁራ ሳላይ የዋልኩበት ቀን መኖሩን እንጃ። ይህን ነጭ ግን አይቼው አላውቅም። አፈርኩ። የባሰ ያናደደኝ አለማወቄ እሳቸውን ትንሽ እንኳን አለማስገረሙ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪያቸው ሆንኩ። ምሕረት የሚባል ነገር አያውቁም። «ትንሽ ቡናማ ወፍ አየሁ» ካልኩ አለቀልኝ። መንቁሯ ወፍራም ነው ቀጭን? መሬት ላይ ትራመዳለች ወይስ ትነጥራለች? ጭራዋንስ ምን ታደርገዋለች? ፀጉር የምታክል ሽቦ በጉጠት ይዘው የኖሩ ሰው ናቸውና «ትንሽ» ሲባል አይገባቸውም። ድንቢጥ እንደምትነጥር፣ ዋነስ እንደምትራመድ፣ ጭልፊት አየር ላይ ሲታጠፍ ጭራውን እንደሚጠመዝዝ ያወቅኩት እዚያ ኮሪደር ላይ ነው። በዓል ሲደርስ ግቢያችን ውስጥ በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት ጣሪያ ላይ ጭልፊቶች ይሰበሰባሉ። ሌላው ሰው ሥጋውን ሲጠብቅ እኛ አንጋጠን ጭራ እናያለን። ጎረቤት «ሁለቱንም ነካ ያደርጋቸዋል» እንደሚል አውቃለሁ። ይበል። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማየት ደግሞ አንዴ ከተጀመረ ወፍ ላይ አይቆምም። ታክሲ ሰልፍ ላይ የሰው ጫማ፣ ቢሮ የአለቃዬን የግራ ቅንድብ ማየት ጀመርኩ፤ ሊቆጣ ሲል ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት። እንዲህ ሁሉን ማየት በለመድኩበት ሰሞን ነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ሻይ ሲቀዱልኝ እጃቸውን ያየሁት። ሻዩ ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ልብ ያላልኳቸው ነገሮች ሁሉ ተግተልትለው መጡ። ከጎን ሲጠሯቸው መላ ሰውነታቸውን ያዞራሉ። ደረጃውን በእግራቸው ጫፍ ዳብሰው ይወርዳሉ። ወፍ እንኳ፣ ይጠይቁኛል እንጂ ራሳቸው ቀድመው ካሳዩኝ ወራት አልፈዋል። እኔ እኮ እየፈተኑኝ ነበር የመሰለኝ።

«ጋሼ፣ ያዩኛል?» አልኳቸው።

የሻዩን ማንቆርቆሪያ አስቀምጠው «ሐኪሞቹ ግላኮማ ነው አሉኝ» አሉ። «እይታዬ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ እየጠበበ ነው። መድኃኒቱ ባለበት ቢያቆመው ነው እንጂ የሄደው አይመለስም።»

እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዓይናቸው ያደሩ ሰው፣ ያ ዓይን ጥሏቸው ሲሄድ አላማረሩም፤ ቁጭ ብለው የእኔን ዓይን ከፈቱ። እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም።

መድኃኒቱ አላቆመውም። ክረምቱ እንደወጣ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ሮቶው አዙረዋል። እሳቸው ሁሌ እንደሚጠይቁኝ እኔ ጠየቅኳቸው።

«ዛሬስ ምን አዩ ጋሼ?»

«ወፍ የለም» አሉኝ።

በእኔ ቋንቋ ይሁን በእሳቸው፣ አልጠየቅኩም። ሮቶው ላይ ቁራ ነበር። ቦርሳዬን አውርጄ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ታክሲውም ይለፈኝ፣ አለቃዬም ቅንድቡን ያንሳ።

«አለ እንጂ ጋሼ» አልኳቸው። «አንድ ቁራ ነው። ጀርባውን ሰጥቶናል። መንቁሩን ሮቶው ጠርዝ ላይ እያፋጨ ነው፤ መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ።»

አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ማጅራቱስ?» አሉኝ።