ሳልቀምስ የቀዳሁት አረቄ

መጀመሪያ የጠላሁት የገዛ አረቄዬን ሽታ ነው። ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ጥርባ በምትባል መንደር፣ ቤቴ ጓሮ ተቀምጬ ለመጨረሻ ልጄ ለአንጓች ሠርግ ሁለት ጊዜ የሚነጠረውን ዳግም አረቄ አወጣ ነበር። ከመቃው ጫፍ የሚንጠባጠበውን በጣቴ ነካ አድርጌ ወደ አፌ ሳስጠጋ ፊቴን አዞርሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አረቄ ያወጣሁ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን ጥንብ ጥንብ ሸተተኝ።

ለምን እንደሆነ ለመንገር ትንሽ ወደ ኋላ ልበል። የሠርጉ ጉድ ጉድ ሲጀመር የመንጋጋ ጥርሴን አመመኝ። ደስታዬ ግን ከሕመሜ ይበልጥ ነበር። ብቅሉ ሊፈጭ፣ ጌሾው ሊወቀጥ፣ ልጄ ልትዳር፣ ማን ይተኛል? ከዳንግላ ገበያ ነጭ ክኒን አስገዛሁ። እኛ ዘንድ የሥራ ሥሩ መድኃኒት ሁሉ በአረቄ ተዘፍዝፎ ነው የሚጠጣው። ስለዚህ ክኒኑንም በአረቄ ዋጥሁት። ሁለት ሁለት፣ ሲብስብኝ ሦስት ሦስት፣ ጧትም ቀትርም ማታም። እህል ማላመጥ ስላልቻልሁ ሆዴ ባዶ ነበር። አምስት ቀን እንዲህ አደረግሁ። ጥርሴ ዝም አለ፤ እኔም የፈረንጅን መድኃኒት መረቅሁ።

ከዚያ ያ ሽታ መጣ። ማስታወክ ተከተለ። ከቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ። ሽንቴ ጠላ መሰለ። በሦስተኛው ቀን የባሌ እህት ትርንጎ ዓይኔን ገልጣ አየችኝ። ቢጫ ነበር።

«የወፍ በሽታ ነው። ሥር የሚያውቅ ሰው አለ፣ ላስመጣልሽ» አለች።

«በምን ነው የሚጠጣው?»

«በአረቄ ነዋ።»

እንደገና አስታወክሁ። አልጠጣም አልሁ። ፈርቼ ነበር። የአንጓች አባት ሞቷል። እኔም ከሄድሁ ማን ይድራታል?

እስከ ቆሰበር በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ዳንግላ፣ ከዳንግላ መናኸሪያ እስከ ክሊኒኩ በጋሪ ወሰዱኝ። ጋሪዋን የምትጎትተው ግራጫ ባዝራ ነበረች። በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ «ይቺስ ሙሽራ ለመጫን ነበር የምትሆነው» ብዬ ማሰቤ አሁን ያስቀኛል።

ሐኪሙ ወጣት ድሬሰር ነበር፤ በዚያ ዘመን የክሊኒክ ሕክምና ረዳቱን እንዲህ ነበር የምንለው። ጎኔን ዳሰሰ። ዓይኔን አየ። የተረፈውን ክኒን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ሰጠሁት።

«ስንት ስንት፣ በምን ዋጡት እማማ?»

ነገርሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይሄ ፓራሲታሞል ይባላል። በልኩ ሲሆን ደግ ነው። ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። በባዶ ሆድ፣ ከአረቄ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጉበትዎ ተጎድቷል።»

«እሞታለሁ?»

«ገና አላውቅም። እዚሁ ይተኛሉ።»

«በጥር ልጄን እድራለሁ እኮ።»

«እንግዲያ አረቄ አይንኩ። ጠብታም ቢሆን።»

«ሳልቀምስ እንዴት አወጣለሁ?»

«ሌላ ሰው ይቅመስልዎት» አለ።

ሦስት ቀን አልበላሁም። አልተናገርሁም። ገላዬ በሙሉ ቢጫ ሆነ። ትርንጎ እጄን ይዛ ተቀመጠች። «ድግሱን ለእኔ ጥለሽ ልታመልጪ ነው? አንቺ ሰነፍ» ትለኛለች።

በአራተኛው ቀን ራበኝ።

ያን ረሃብ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! የአጥሚት ሽታ ከመስኮቱ ውጭ ሲመጣ እንደ ሕፃን ተንቀዠቀዥሁ፣ አንድ ኩባያ ጠጥቼ ሌላ ጠየቅሁ፣ ድሬሰሩም ከበር ቆሞ እያየኝ ከእኔ ይልቅ እሱ ደስ አለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዓይኔ ቢጫ እየሳሳ፣ ሽንቴም እየጠራ ሄደ፤ ታኅሣሥ ሲጋመስ ቤቴ ገብቼ በትርንጎ ትከሻ ተደግፌ ጓሮዬን ዞርሁ፤ በየቀኑ አንድ ነገር ይመለስልኝ ነበር፣ ጉልበቴ፣ እንቅልፌ፣ የትኩስ ሽሮ ጣዕም።

የቀረውን አረቄ ትርንጎ አወጣችው፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ «እሳቱን ቀንሽ» እያልሁ ስጨቀጭቃት ዋልሁ።

ሠርጉ ደረሰ። እንደምታውቁት በአገራችን የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ሳይቀምስ መስጠት ትልቅ ነውር ነው፣ መርዝም ያስጠረጥራል። ለሙሽራው አባት የምቀዳው ደግሞ እኔው የሙሽራዋ እናት ነኝ። ጠርሙሱን ይዤ ፊታቸው ቆምሁ። ዳሱ ሁሉ መዳፌን ያያል።

«ይቅመሱልን እንጂ» አሉኝ።

ከንፈሬን ባረጥበው ማን ያውቃል? ድሬሰሩ ዳንግላ ነው። ግን በክሊኒኩ አልጋ ላይ ያየሁት ቢጫ እጄ ታወሰኝ።

«ጌታዬ፣ አልቀምስም። በዚሁ አረቄ ክኒን ስውጥ ጉበቴን አቃጥዬ ከሞት ነው የተመለስሁት» አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ትርንጎ ከኋላዬ፣ «እሷ የሁላችንንም ድርሻ ቀምሳ ጨርሳለች፣ ይጠጡ!» አለች። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። የሙሽራው አባት የገዛ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ጠብ አደረግሁላቸው፤ ቀመሱ።

«ለእርስዎ እኔ ቀመስሁ» አሉ። አንጓች ከሠርገኛ መሐል ስታለቅስ አየኋት፤ እኔም ፊቷን ለማየት መትረፌን ያመንሁት ያኔ ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን። ያ ድሬሰር፣ ትርንጎ፣ የሙሽራው አባትም ይባረኩ። እናንተም ጥርስም ራስም ሲያማችሁ ክኒኑን በውሃ ዋጡት፣ ሐኪም ካለው አታሳልፉ፣ ባዶ ሆድ አትሁኑ። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ሥር ፍለጋ አትዘግዩ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ የዋጣችሁትንና የጠጣችሁትን ሳታፍሩ ንገሩት።

ዛሬም በልጅ ልጆቼ ሠርግ የምቀዳው እኔ ነኝ። መዳፌ ግን ደረቅ ነው፤ እንግዳውም የራሱን ይዘረጋልኛል።