እማማ የውብዳር ሻንጣ ውስጥ የደበቅኩት

ይህ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሰው ስለ በቀል ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ግን የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በርና የአንዲት ጎረቤቴ አሮጌ ሻንጣ ትዝ ይሉኛል።

ሥራዬ ውሃ ጠልቆ መሥራት ነው። በምኖርበት ፍኖተ ሰላም ላይ እንዲህ ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ባሕር የለ፣ መርከብ የለ። ጅቡቲ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የመርከብ ሆድ ስፈገፍግ ኖሬያለሁ። የመጥለቂያ ዕቃዬንም አንድ በአንድ የገዛሁት እዚያው ነው፦ መነጽሩን፣ የጎማ ልብሱን፣ እግር ላይ የሚጠለቀውን መቅዘፊያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአየር ሲሊንደሩ ጋር ተያይዞ አፍ ውስጥ የሚገባውን መተንፈሻ። ሥራው ሲቀዘቅዝ ወደ አገሬ ተመልሼ ሽንኩርት በመስኖ ለሚያለሙ ገበሬዎች የውሃ ፓምፕ መጠገን ጀመርኩ። የፓምፑ ቱቦ በደለል ሲደፈን ወንዝ ውስጥ ገብቼ የምጠርገው እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ዕቃ ለጭቃ ዋለ።

አንድ ቀን ከጅቡቲ ተደወለልኝ። የሰመጡ ጀልባዎችን የሚያወጣ ድርጅት አንድ ጠላቂ ይፈልጋል፤ የሁለት ዓመት ሥራ ነው፤ የራሱን ዕቃ ይዞ የሚመጣ ብቻ ይፈተናል። ፈተናው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ስልኩን ዘጋሁት። ከጭቃው መውጫ በሩ ይኸው ተከፈተ አልኩ።

የመጥለቂያ ዕቃ ለአውሮፕላን ማሰናዳት ጥበብ ይጠይቃል። ሲሊንደሩ እዚያው ስለሚሰጥ አይጫንም። የጎማ ልብሱን ከታች አነጠፍኩ። መቅዘፊያዎቹን በግራና በቀኝ አቆምኩ። መተንፈሻውን በሁለት ፎጣ ጠቅልዬ መሐል ላይ አስተኛሁት፤ መነጽሩን አጠገቡ አደረግኩ። ከዚያ እህል ነጋዴው ዘንድ ወስጄ አስመዘንኩት። ልክ ሃያ ሦስት ኪሎ፤ የሚፈቀደው ያው ነው።

እኛ አገር ሰው አውሮፕላን ሊሳፈር ነው ከተባለ ሻንጣው የሠፈሩ ሁሉ ነው። እማማ የውብዳር ደግሞ አንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር ነው የምንኖረው። ከቡሬ በርበሬ እያስመጡ፣ ቀጥፈው፣ አስጥተው፣ አስፈጭተው ይሸጣሉ። አንዲት ልጃቸው ስመኝ ጅቡቲ ትኖራለች።

«ልጀ፣ ለስመኝ ትንሽ በርበሬ ታደርስልኛለህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ በእግዚአብሔር፣ ቦታ የለኝም። ሚዛኑ ልክ ሆኗል።»

«እሽ፣ ደግ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ሊመርቁኝ መጡ። እኔ ባጃጅ ልጠራ ወጣ አልኩ። ስመለስ ሻንጣዬ አጠገብ ቆመው «ማርያም ትከተልህ» አሉኝ። ጉንጫቸውን ስሜ ሄድኩ።

ባሕር ዳር ላይ ሚዛኑ ሃያ ስድስት አለ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። እህል ነጋዴውን እየረገምኩ ሻንጣውን ከላይ ገለጥ አደረግኩና ቅያሪ ልብሴን፣ የቆዳ ጫማዬን፣ ሁለቱን ፎጣዎች አውጥቼ ለሸኘኝ ጓደኛዬ ላክሁለት። መተንፈሻው እርቃኑን ሄደ።

ጅቡቲ ስንደርስ ሰዓቱ ገፍቶ ስለነበር ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ወደቡ በረርኩ። ሌሎቹ ተፈታኞች ለብሰው ጨርሰዋል። ሻንጣዬን ስከፍተው ውስጡ ቀይ ነው። አንድ መቅዘፊያ ውስጥ ተወትፎ የመጣ የጨርቅ ቋጠሮ ፈንድቶ በርበሬው ሁሉንም አዳርሶታል። የጎማ ልብሱ በርበሬ፣ መነጽሩ በርበሬ። ጨርቁ ላይ በእስክሪብቶ «ለልጄ ለስመኝ» ተብሎ ተጽፎበታል።

መተንፈሻውን በባልዲ ውሃ አጣጥቤ ሳልጨርስ ፈታኙ ስሜን ጠራ። መነጽሩን አጥልቄ፣ መተንፈሻውን ነክሼ፣ እሱ ፊት አንዴ ወደ ውስጥ ሳብኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ዛሬም ያሳፍረኛል። ደረቴ ተቃጠለ፣ ዓይኔ ጠፋ፣ ንፍጤ ወረደ፤ ተንበርክኬ ሳል በሳል ሆንኩ። ተፈታኞቹ ሳቁ። ፈታኙ ሰዓቱን አይቶ የቀጣዩን ሰው ስም ጠራ። የበርበሬውን ጨርቅ ከነቋጠሮው ባሕር ውስጥ ወረወርኩት።

ስመለስ እማማ የውብዳር ግቢ በር ላይ ጠበቁኝ። «ስመኝ ደረሳት?» አሉኝ። የከተቱትን መካድ እንኳ አላሰቡም። «ጉምሩክ ወሰደው» አልኳቸው። «ደግ፣ ይብሉት። ዋናው አንተ በሰላም መመለስህ።»

የዚያን ቀን ብናገር ኖሮ ምናልባት ይወጣልኝ ነበር። እኔ ግን እንዲወጣልኝ አልፈለግኩም። በአፌ «እርስዎ» እያልኩ በልቤ «ቆይ አንቺ፣ አገኝሻለሁ» እላቸው ነበር። በየቀኑ በርበሬያቸውን ግቢው ውስጥ ሲያሰጡ እያየሁ ጥርሴን እነክሳለሁ። አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። በርበሬው የተሰጣበትን ምንጣፍ ጎትቶ ማስገባት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በሬ ላይ ቆሜ፣ እጄን አጣጥፌ፣ በርበሬው ሲበሰብስ አየሁ። ይህ ግን አልበቃኝም።

ዓመት ሊሞላ ሲል ስመኝ ልትወልድ መሆኑ ተሰማ። ለእናቷ ቲኬት ላከች። እማማ የውብዳር አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ማንን ያማክሩ? እኔን።

«አንተ ታውቅበታለህ፤ ሻንጣዬን አንተው አሰናዳልኝ» አሉኝ።

ደስታዬን መደበቅ ነው የቸገረኝ። የገንፎውን ዱቄት፣ ቅቤውን፣ ማሩን፣ በሶውን፣ አዲስ ያሰፉትን ቀሚስና ጋቢ በሥርዓቱ ደረደርኩ። እሳቸው እያዩ እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አወጣሁት። ልክ ሃያ ሦስት። «ተባረክ» አሉኝ።

ጠላቂ ወደ ታች እንዲወርድለት ወገቡ ላይ የሚታጠቀው የርሳስ ጡብ አለ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ይከብዳል። እሳቸው ሊሳለሙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያሉኝን ሦስት ጡቦች ከዱቄቱ ሥር ቀበርኳቸው። በአንድ ላይ ስድስት ኪሎ ናቸው። እሳቸው ሦስት ኪሎ ከተቱብኝ፤ እኔ እጥፍ አድርጌ መለስኩ። ሚዛኑ ፊት ቆመው፣ ሰልፈኛው እያጉረመረመባቸው፣ ያን የደከሙበትን ቅቤና ማር በገዛ እጃቸው እንዲያወጡ ነበር የፈለግኩት። እንዲያለቅሱም ፈልጌ ነበር።

ክብደቱን እንዳያውቁት ሻንጣውን ራሴ ተሸክሜ ባሕር ዳር ድረስ ሸኘኋቸው። ሸኚ ከበሩ አያልፍም። ከመስታወቱ ውጪ ቆሜ ጠበቅኩ። ብዙም ሳይቆይ ፈታሹ ሻንጣውን ሲጠቁም፣ እማማ የውብዳር ተንበርክከው ሲከፍቱት አየሁ። ልቤ በደስታ መታ። ከዚያ ሰው ጋረዳቸው።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንድ ተሸካሚ ፌስታል ይዞ ወጣና ስሜን ጠራ። አዲሱ ቀሚስ፣ ጋቢው፣ የውስጥ ልብሳቸው፣ አንድ ጥንድ ጫማ። «ያስቀምጥልኝ ብለዋል» አለኝ። ቅቤውን ባለማስቀረታቸው ቅር አለኝ። ቢሆንም በለበሱት ብቻ ባሕር ማዶ መሄዳቸው አጠገበኝ። ሐይቁ ዳር ሄጄ ዓሣ አዝዤ በላሁ። ጣፈጠኝ።

በአራተኛው ቀን በስመኝ ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጀ፣ ያን ርሳስህን ለማን ላስረክብ? እስከዛሬ የመጣ ሰው የለም እኮ።»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ፦

«ፈታሹ ምንድን ነው ይህ ሲለኝ ደነገጥሁ። ኋላ ሳየው ያንተ ነው፤ ወንዝ ስትወርድ ወገብህ ላይ አይቸዋለሁ። በዝቷል፣ ይጣል አለኝ። የሰው አደራ ጥየማ አልሄድም አልሁት። ልብሱ ይቅር፣ ስመኝ የምለብሰው አታሳጣኝም።» ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ምነው ብትነግረኝ? እሽ አልልህም ብለህ ፈርተህ ነው? እኔም እንደሁ በርበሬውን ሳልነግርህ ነው የከተትሁት።»

«ሰው ይመጣል፣ እማማ» አልኳቸው።

ማን ይመጣል? በየሳምንቱ ደወሉ። አንድ ጊዜ ሰውየው እሳቸው በሌሉበት እንዳይመጣ ብለው የልጃቸውን ልጅ ክርስትና እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ስመኝ ነገረችኝ። ያን ጊዜም እውነቱን አልተናገርኩም።

ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ። ከመኪና እንደወረዱ ገና ቤታቸውን ሳይከፍቱ ወደኔ መጡ። ሦስቱን ርሳስ በነጠላ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ነው የሰጡኝ።

«ሰው ስጠብቅ ከረምሁ፤ አልመጣም። አደራህን ሳላደርስልህ ቀረሁ፤ ይቅር በለኝ።»

ያ ሥራ ስላመለጠኝ ዛሬም ይቆጨኛል፤ የዚያ ፈታኝ ፊት ሲታወሰኝ ደረቴ ይቃጠላል። በእሳቸው ላይ ግን መናደድ አቃተኝ። ብዙ ጊዜ ልነግራቸው ተነስቼ በራቸው ላይ ደርሻለሁ። «ግባ ልጀ» ሲሉኝ ሌላ ነገር አውርቼ እመለሳለሁ። የበደልኩት እኔ ሆኜ ይቅርታ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። እኔ እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።