በእሷ በኩል ያለው ፍሬን

ታናሽ እህቴ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ ከኋላዋ «ፍሬን» ይሏታል፤ ቀኑን ሙሉ የምትጮኸው እሱን ስለሆነ። ፊት ለፊት የሚላት ግን የለም፤ ምላሷን ያውቁታላ! የምታስተምርባት መኪና አሮጌ ብትሆንም ሁለት ፍሬን አላት፤ አንዱ በተማሪው እግር ሥር፣ ሌላው በእህቴ በኩል።

«ተማሪ ሲደነግጥ ነዳጅ ይረግጣል» ትላለች። «ያኔ እግሬ ከሐሳቤ መቅደም አለበት። አስቤ ከረገጥኩማ አለቀልን።»

ባለፈው ዓመት አርግዛ ሴት ልጇን በሰላም ተገላገለች። እኛም እፎይ ብለን ይዘናት ወደ ቤት ገባን። ጉዱ የመጣው እፎይ ካልን በኋላ ነው። በሳምንቱ ራሴን አመመኝ አለች። «እንቅልፍ ስላጣሽ ነው» አልናት፤ አራስ ያለበት ቤት መቼም ምክር አይቸግረውም። ቀጥላ ደግሞ «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል» አለች። የሕፃኗን ልብስ እያጣጠፍኩ «ትንሽ ጋደም በይ» ከማለቴ ሰውነቷ ተገታተረና አልጋው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች። እኔ ጩኸቴን ለቀቅኩት። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሲናገርም ሲራመድም የማይቸኩል ሰው። ያን ቀን ግን እንደ ላባ ብድግ አድርጓት ደረጃውን እንዴት እንደወረደው እሱም አያውቀውም።

ሐኪሟ በኋላ አስረዳችን። ከወሊድ በኋላ የደም ግፊቷ ማንም ሳያየው ጣሪያ ነክቶ ኖሯል፤ አንቀጥቅጦ የጣላትም እሱ ነው።

«ወልዳ ከተገላገለች በኋላም ይመጣል እንዴ?» አልኳት።

«ይመጣል እንጂ። አራስ ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ ካለች ይዞ መሮጥ ነው፤ ጋደም በይ አይባልም።» ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረች። «አንቺ ደህና ትሆኛለሽ። ግን እኔ እስክፈቅድልሽ መሪ አትነኪም፤ ተማሪ አጠገብም አትቀመጪም።»

ከሞት አፋፍ መመለሷን ሲነግሯት ዝም ብላ የሰማች ሴት ይቺን ስትሰማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እኔም ልብሴን ሰብስቤ እነሱ ቤት ገባሁ። ጨው የሚባል ነገር ከጓዳ አስወጣሁ። ጠዋትና ማታ የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ መጠቅለል የእኔ ሥራ ሆነ።

«እቴቴ፣ ክንዴን ልትቆርጪው ነው እንዴ?»

«ዝም በይ! ስትለፈልፊ ይጨምራል።»

«ይጨምራል፤ አንቺን ሲያይ ነው የሚጨምረው።»

በቃ፣ መዳን መጀመሯን ያወቅኩት ያኔ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ላጽናናት ስል «እስኪሄድ ድረስ ስንቱ ተጠብሶ ተበላ!» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ «እመለሳለሁ፤ ጠብቁኝ» ትላለች፤ ድምጿን ሰምቶ የሚጠራጠራት አልነበረም።

አንድ ቀን ግን ልጇን እያጠባች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እቴቴ፣ ያን ቀን ገላዬ ሳያስፈቅደኝ ጥሎኝ ሄደ» አለችኝ። «እግሬም እንዲሁ ቢያደርገኝስ? አጠገቤ የሚቀመጠው እኮ የሰው ልጅ ነው።»

«ሾርባሽ ቀዘቀዘ» ብያት ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እኔን ተማሪ አደረገችኝ። በዚህ ዕድሜዬ! አልጋዋ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ የድስት ክዳን ታስጨብጠኛለች፤ መሪ መሆኑ ነው። ወለሉ ላይ ነጠላ ጫማዎች ትደረድራለች፤ ይሄ ፍሪሲዮን፣ ያ ፍሬን፣ ያኛው ነዳጅ።

«ስፖኪዮ ሳታዪ ወዴት ነው የምትታጠፊው?»

«የምን ስፖኪዮ? ያለው ቁም ሳጥን ነው!»

«እሱንም ገጭተሽዋል። እንደገና!»

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ በሳቅ ይሞታል። እኔ እራገማለሁ፤ ግን አልነሳም። እየጮኸችብኝ እያለ ፊቷ ሲመለስ አያለሁና ለምን ብዬ እነሳለሁ? ግፊቷም እየወረደ፣ ዓይኗም እየጠራ፣ መድኃኒቱም እየተቀነሰ ሄደ። ሕፃኗ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ስትጀምር ሐኪሟ «አሁን ወደ ሥራሽ» አለቻት።

ቤቱ በደስታ ሞላ። የመኪናው ቁልፍ ግን ከተሰቀለበት አልወረደም። ዛሬ «ጎማው አየር አንሶታል» ትላለች፤ ነገ «ልጄን ጉንፋን ይዟታል»። ሰው ሲጠይቃት አሁንም «እመለሳለሁ» ነው። ባሏ «ተያት፣ በራሷ ጊዜ» ይላል። ትዕግሥት የእሱ እንጂ የእኔ ዕቃ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉን አውርጄ ፊቷ ቆምኩ።

«ተነሺ! ክዳን ማዞር ሰልችቶኛል።»

«እቴቴ፣ ያለ ፈቃድ እኮ…»

የተማሪነት ፈቃዴን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። ተደብቄ ነበር ያወጣሁት። ፎቶዬን አይታ ሳቀች፤ ከዚያ ልጇን ለባሏ ሰጥታ ጫማዋን አደረገች።

መንገዱ ጭር ያለ ነው። እኔ መሪው ጋ፣ እሷ አጠገቤ። ሞተሩን አስነሳሁ፤ መኪናዋ ሁለቴ ተንገጫግጫ ሄደች። እህቴ ቀበቶዋን ጨምድዳ ይዛ «ጎበዝ፣ ቀስ» ትለኛለች፤ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል፤ ጩኸት የለ፣ ስድብ የለ። የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ጋ ስንደርስ አንድ ሰውዬ ፍራሽ ተሸክሞ ከቆሙት መኪኖች መሀል ዘው ብሎ ወጣ። ፍራሹ ዓይኑን ጋርዶታል፤ እኛን አያየንም። መኪናዋ አጓራች። «ወይኔ ጉዴ!» ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ግጭት የለም። ዓይኔን ስገልጥ መኪናዋ ቆማለች፤ ሞተሩም ጠፍቷል። ፍራሹ ከፊታችን በዝግታ አለፈ፤ ሰውዬው ምንም አልሰማም።

እህቴ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ትከሻዬን ያዘችኝ። «እሰይ እቴቴ! ጎበዝ! በሰዓቱ ረገጥሽው።»

«እኔ?» አልኩ። «እኔማ የረገጥኩት ነዳጁን ነው። ይኸው አሁንም አለቀቅኩትም።»

ጎንበስ ብላ እግሬን አየች። ነዳጁ ላይ ነው። ከዚያ የራሷን እግር አየች። በእሷ በኩል ያለው ፍሬን እስከ ወለሉ ወርዷል፤ እግሯ እንደተጫነው ነው። ደጋግማ አየችው። ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች ስል ጩኸቷን ለቀቀችው፦

«ፍሬን አላልኩሽም?! ሰው ፊትሽ ቆሞ ነዳጅ ትረግጫለሽ? ክዳኑ ላይ ምን ስማር ከረምኩ ልትዪኝ ነው?»

የቤት ዕቃ መሸጫው ሰዎች ሊያዩን ወጡ። ስድቡን እየሰማሁ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«አታልቅሺ! ውረጂ!» አለችኝ፤ እሷም እያለቀሰች ነው። «ቦታ እንቀያየር። አንቺን አምኜማ ልጄ ጋ አልደርስም!»