በባቡር ነው የምትሄዱት

በእኛ አገር ባቡር አይሄድም፤ ይፈጫል። ጎንደር ከተማ ያደግነው ሐዲድ ላይ የሚሮጥ ሌላ ባቡር እንዳለ በትምህርት ቤት ተምረናል፣ ሥዕሉንም አይተናል። ከከተማ ወጣ ሲሉ ግን፣ ወገራም ይሁን አርማጭሆ፣ ባቡር ማለት በናፍጣ የሚሠራ የእህል ወፍጮ ነው። "ባቡር ደርሼ ልምጣ" ያለች ሴት ጤፏን አስፈጭታ ትመለሳለች እንጂ የትም አትጓዝም። ይህን እኔም አሳምሬ አውቃለሁ። ስለዚህ ለሆነው ሁሉ ጥፋተኛው የአውቶቡሱ ረዳት ነው እላለሁ፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ አላመነችኝም።

የእናቴ ታላቅ እህት ወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ትኖራለች። እቴቴ ነው የምላት። ገብሷን ዘርታ፣ በጎቿን አርብታ የምትኖር፣ ስትናገር ለጳጳስም የማትመለስ ሴት ናት። ያላት ልጅ አንድ ነው። ልጁ እርሻ አልሆንልህ አለው፤ ነፍሱ መኪና ላይ ነበር። አባቱ ደግሞ እልኸኛ ነበሩ፤ አንድ ቀን ተጣሉና "ሞፈር ያስጠላው እግር ደጄን አይርገጥ" ብለው አስወጡት። እቴቴ በሩ ላይ ቆማ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያቺ ሴት! ልጁ ጉልበቷን ስሞ ቀና አለና "ደኅና ይሁኑ" ብሏት ሄደ።

ያቺ "ይሁኑ" ናት እቴቴን የገደለቻት። በእነሱ ቤት ልጅ እናቱን አንቺ ይላታል። አንቱ የሚባለው አባት ነው፣ ቄስ ነው፣ ባዳ ነው። የእሷ ልጅ ደግሞ አፉን ከፈታ ጀምሮ "እናና" ነበር የሚላት። "ሰድቦኝ ቢሄድ ይሻለኝ ነበር፤ ባዳ አድርጎኝ ሄደ" ትል ነበር። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። አባቱ ሲሞቱም የት እንዳለ የሚያውቅ ስላልነበረ ሳይቀብራቸው ቀረ።

ብዙ ክረምት ካለፈ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጎንደር ቤታችንን አፈላልጎ መጣ። ልጁ ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ እንደሚሠራ፣ እንዳገባ፣ ወንድ ልጅ እንደ ወለደ ነገረንና "እናቴ ይምጡና የልጅ ልጃቸውን ይዩልኝ ብሏል" አለ። እናቴ እልል አለች። እቴቴ ለገበያ ስትመጣ የምሥራቹን ስንነግራት ግን ፊቷ ጠቆረ።

"ይምጡ ነው ያለ?"

"አዎ፣ ይምጡ ነው ያለው።"

"ይምጡ ያለ እሱ ነው ወይስ ሹፌሩ?"

ማን አስቦ ይጠይቃል! ሹፌሩ እጅግ ጨዋ ሰው ነበር፤ ታናሽ እህቴን እንኳ እርስዎ ሊላት ምንም አልቀረው። አንቱታው የእሱ ነው ብለን ማልን፣ ተገዘትን። አላመነችንም። እንግዲህ ያ ሁሉ መንገድ ለእሷ የአንድ ቃል ጉዳይ ሆነ፤ ልጇ ሲያያት አንቺ ይላት ይሆን ወይስ አንቱ።

አስተማሪ ስለነበርኩ ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ ይዤያት እንድሄድ ተወሰነ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በመኪና መሄድ ይቻላል። እኔ ግን ባቡር አማረኝ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ ባሕር የሚወርድ ባቡር እያለ ድሬዳዋን በአውቶቡስ ማን ይሄዳል! እቴቴን መኪና ያጥወለውላታል የሚል ሰበብም ነበረኝ፤ ደግሞም እውነት ነው። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ለሚመላለሰው አውቶቡስ ረዳት አደራ ብዬ ላክሁት፦ እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በባቡር ነው፣ ዓርብ ትምጣ። እሱ ግን አሳጥሮ አደረሰላት፦ "ዓርብ ውረጂ፣ ለልጅሽ ቤት በባቡር ነው የምትሄዱት።"

እስቲ ፍረዱ። "በአዘዞ ነው የምንሄደው" ሲባል አዘዞን አልፈን ማለት ነው። "በባቡር ነው የምትሄዱት" ሲባልስ? እቴቴ እንደ ገባት ከሆነ መንገዳችን በወፍጮ ቤት በኩል ነው።

ዓርብ አመሻሽ ላይ አንድ ስልቻ በተሸካሚ ትከሻ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ዱብ አለ። የሟች ባሏ የፍየል ቆዳ ስልቻ ነው። እናቴ ፈትታ ብታየው ለበሶ ታምሶ፣ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ ያለቀለት ገብስ ነው፤ ብቻ አልተፈጨም።

"ምነው ሳታስፈጪው?" አለቻት።

"በባቡር ነው ብላችሁ የለም እንዴ! የከተማ ባቡር ያልማል ብየ አመጣሁት። ልጄ በሶ ሲወድ!"

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስለ ሐዲዱ፣ ስለ ፉርጎው፣ ስለ መስኮቱ። "ባቡሩ ያለው አዲስ አበባ ነው እቴቴ" ስላት "እህል ለማስፈጨት አዲስ አበባ!" ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ነገሩ ሲገባት ተቆጣች እንጂ አልሳቀችም። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አለች፤ ያለችውም ለእኔ ነው እንጂ ለረዳቱ አልነበረም።

የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ተዘግቷል፤ አውቶቡሱ ደግሞ ሳይነጋ ይነሣል። አዲስ አበባ ስንደርስ ላስፈጭልሽ ብላት "በርበሬ በፈጨ ባቡር የልጄን በሶ!" ብላ ስልቻውን ወደ ራሷ ሳበችው። ባዶ እጇን መሄድ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ገብሱም እንዲሁ እንዳለ ዓባይን ተሻገረ። እቴቴ በረሃው ሲያጥወለውላት እንኳ አንድ እጇ ከስልቻው አልተነሣም።

ለገሃር ጣቢያ በጠዋት ስንደርስ ሰዉና ዕቃው ተደበላልቋል፤ አንዱ ፍራሽ በመስኮት ያስገባል፣ ሌላው ዶሮ ያስወጣል። ባቡሩ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። እቴቴ ፊት ለፊቱ ሄዳ ቆመች። ያው የናፍጣ ሽታ፣ ያው ዱግ ዱግ የሚል ድምፅ። ጆሮዋን ሰጥታ ሰማችና ከጎንደር ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ።

"ድምፁስ ባቡር ነው" አለች።

የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን አንዲት ወፍራም የድሬዳዋ ነጋዴና ጅቡቲ ወደብ የሚሠራ ወንድማቸውን ሊጠይቁ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ነጋዴዋ ገና ሳትደላደል "እናቴ፣ ጠጋ በይ እስቲ፣ ይኼን ስልቻሽን ወደዚያ አድርጊው" አለቻት። እቴቴ ደርቃ ቀረች። በእሷ ዕድሜ ላለች ሴት፣ ከማታውቀው ሰው፣ "በይ"!

"ማናት ይቺ ስድ?" አለችኝ በሹክሹክታ፤ ፉርጎው ሁሉ በሰማው ሹክሹክታ።

ነጋዴዋ ከት ብላ ሳቀች። "አትቀየሚኝ እናቴ፣ እኛ ድሬዎች አንቱ አናውቅም። ሽማግሌውም አንተ ነው፣ አሮጊቷም አንቺ ናት። ፍቅር ነው ባክሽ!"

ትኬት ተቆጣጣሪው መጣና ስልቻውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገው። ለንግድ እንደሆነ ጠየቃት። "ለባቡር ነበር፤ ባቡራችሁ አይፈጭም አሉኝ" አለችው። ሰውየው ጥቂት አያት፣ ትኬታችንን በስቶ አለፈ።

ሞጆን አለፍን፣ ናዝሬትን አለፍን፣ እቴቴ ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም። ስልቻው ነው ያናደዳት ብዬ ነበር። ኋላ ክንዴን ያዝ አደረገችና "እንግዲያ ልጄ አንቺ ቢለኝስ በምን አውቃለሁ?" አለችኝ። "የኔ አንቺ ይሁን የድሬ አንቺ?"

ያን ሁሉ መንገድ "አንቺ ነው የሚልሽ፣ አይዞሽ" ስላት ነበር የመጣሁት። ያቺ ሴት ሁለት ቃል ተናግራ ማጽናኛዬን ሁሉ አፈር አበላችው። እቴቴን ፈርታ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ፈርታለች፣ አንጀቴን በላችው።

መተሐራ ላይ ሐዲዱ በጥቁር ድንጋይ መሀል ሐይቁን ታኮ ያልፋል። እቴቴ አንገቷን በመስኮት አወጣችና ሽማግሌውን "አያ፣ ባሕሩ ይኸ ነው?" አለቻቸው።

"የለም፣ ይኸማ ሐይቅ ነው እህቴ። ባሕሩ ገና ነው፣ ጅቡቲ ነው።"

"ሐይቅ ባሕር አደለም?"

"ባሕር ማለት ማዶው የማይታይ ነው።"

"የጣናም ማዶው አይታይ" አለች። ሽማግሌው የጨው ነገር ሊያነሡ ነበር፤ ፊቷን አይተው ተዉት። ጎንደሬን በጣና የሚረታ የለም።

አዋሽ ላይ ባቡሩ ቆመ። ለምን እንደ ቆመ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ የሚመስል ግን በየመስኮቱ ሞልቷል። የአዋሽ ሙቀት ለወገራ ሰው አይራራም። ከጣቢያው ሻጮች የተገዛው ሁሉ ተበልቶ አለቀ፣ ውኃው ሞቀ፣ ባቡሩ ንቅንቅ አልል አለ። አንድ ሕፃን ራበኝ ብሎ አለቀሰ፣ ሌላው ተቀበለው። እቴቴ ስልቻውን አየች፣ ሕፃኑን አየች፣ መልሳ ስልቻውን አየች። ያ ገብስ ለማን እንደ ተያዘ ስለማውቅ እኔ ወደ ሌላ ዞርኩ።

"እህል ታቅፎ ልጅ ማስለቀስ ነውር ነው" አለችና ፈታችው።

መጀመሪያ ለሕፃኑ ሰጠች፣ ከዚያ ለእናቱ፣ ከዚያ "ብሉ እስቲ፣ ሸጋ ገብስ ነው" እያለች ለአግዳሚው ሁሉ በእፍኝ አደለች። ፉርጎው በሙሉ ይቆረጥም ጀመር። ሽማግሌው የስልቻውን ታሪክ ከእኔ ሰምተው ነበርና ጥርሳቸው በቻለላቸው መጠን እየቆረጠሙ "ይኸው እህቴ፣ በባቡር መፈጨቱ አልቀረም" አሏት። ያን ጊዜ ሳቀች። ከጎንደር ይዛው የመጣችው ቁጣ እዚያው አዋሽ ላይ ወረደ። ነጋዴዋም አጠገቧ መጥታ ተሸጉጣ ነበር፤ እቴቴ "አንቺ ስድ፣ እንኪ ድገሚ" እያለች ትጨምርላታለች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ስልቻው በግማሽ ጎድሏል።

ድሬዳዋ የገባነው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ባቡሩ ገና ወደ ባሕሩ ይቀጥላል፤ ሽማግሌው በመስኮት መረቁን፣ ነጋዴዋም እቴቴን ደጋግማ ስማት በሕዝቡ መሀል ጠፋች። በዚያው ሹፌር መልእክት ልከንለት ነበርና ልጁ ጣቢያው ጥላ ሥር ቆሟል። ሽርጥ አገልድሟል፣ ጠቁሯል፣ ከስቷል፤ አጠገቡ ሚስቱ ሕፃን አቅፋለች። እቴቴ ስልቻዋ አጠገብ ቆመች። እሱ ነው ወደ እኛ የመጣው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፣ እሷ አንገቱን አቀፈችው።

"እንኳን ደኅና መጣሽ" አላት።

መጣሽ! ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ወደ እቴቴ ዞርኩ። እሷ ግን አልረጋችም። ዙሪያችንን ተሸካሚው፣ ጋሪ ነጂው፣ ሁሉም "እናቴ ልያዝልሽ፣ እናቴ በዚህ ነይ" ይላታል። የልጇም አነጋገር የድሬ ሆኗል። ትስመዋለች፣ ፊቱን ትመረምራለች፣ እንደገና ትስመዋለች።

ልጁ ስልቻውን አንሥቶ ትከሻው ላይ ሲያደርገው በውስጡ ያለው ፍሬ ኮሽኮሽ አለ። ቆም አለ። አወረደውና አየው፣ የአባቱ መሆኑን ሲያውቅ በእጁ ዳበሰው። አፉን ፈትቶ አንዲት ፍሬ አወጣና በጥርሱ ሰበራት። ከዚያ ባቡሩ ከጀርባችን እያጓራ፣ ግራ ገብቶት እናቱን አያት።

"ምነው እናና፣ ባቡሩ ተበላሽቶብሽ ነው?"

ሚስቱ ወደ ሐዲዱ ዞር ብላ "ኧረ ምንም አልሆነም፣ ይኸው በሰላም ገባ!" አለች።

እቴቴ ስልቻው ላይ ቁጭ አለች። እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታለቅሳለች። ልጇ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ፊቷ ተንበርክኮ "ምን ሆንሽ እናና፣ ምን ሆንሽ?" ይላል።

"አልተበላሸም ልጄ" አለችው ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ። "ሸጋ ባቡር ነው። እስከዚህ ድረስ እየፈጨ ነው የመጣ።"

የተረፈውን ገብስ ሚስቱ በዚያው ቀን ጎረቤት ካለ ወፍጮ ቤት ወስዳ አስፈጨችው። በርበሬ ይፈጩበት እንደሆነ እቴቴ አልጠየቀችም።